ወደ ቤቴ አላስገባ ያለኝ ማበረታቻ

ትናንት ሌሊት ያየሁት ሕልም እስካሁን ልቤን አላሳረፈውም። ለሰው ካልነገርኩትም የሚለቀኝ አይመስለኝም።

በሕልሜ አሮጌዋን ኮሮላዬን እየነዳሁ ነበር። አዳማ ከተማ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታክሲ የሠራሁባት መኪና ናት። ከፖስታ ቤት ቁልቁል ስወርድ አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። እንደ ልማዴ መንጃ ፈቃድ ላወጣ እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ፣ እሱ ቀደመኝና የራሱን መንጃ ፈቃድ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጥፋት አጥፍቻለሁ» አለ። «ከጠዋት ጀምሮ በዚህ መንገድ ሦስት ጊዜ ሲያልፉ እያየሁ አላበረታታሁዎትም።»

«ምን እንዳደርግ ነው የምታበረታታኝ?»

«ኤሌክትሪክ እንዲሆኑ ነዋ።»

«መኪናዋን ማለትህ ነው?»

መንጃ ፈቃዱን እኔ እጅ ላይ ትቶ ማጨብጨብ ጀመረ። ከኋላዬም ጭብጨባ ሰማሁ። ዞር ስል ሦስት ተሳፋሪዎች ቀጥ ብለው ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። እኔ ግን ማንንም አልጫንኩም ነበር።

ጭብጨባው ሳይቆም ራሴን አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አገኘሁት። የተቀመጥኩት ከመስኮቱ በስተውስጥ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ሻይ ቀርቦልኛል። ግራና ቀኜ ባሉት መስኮቶችም እንደኔ ያሉ ባለጉዳዮች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ጥርሱን ይጎረጉራል፣ ሌላዋ ስልኳን ትነካካለች። ከመስኮቱ ውጪ፣ እስከ ደረጃው ድረስ፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ ኃላፊዎች ፋይል አቅፈው ተሰልፈዋል። ከፊት የቆመው ራሰ በራ ሰው ላብ አጥምቆታል።

«ጌታዬ፣ ያለ ቀረጥ እንዲያስገቡ ፈቅጄልዎታለሁ» አለኝ ጎንበስ ብሎ። «ኤክሳይስ ታክሱንም አንስቻለሁ። ፊርማ ብቻ ነው የቀረኝ። ይኸው ሦስተኛ ቀኔ ነው።»

ምን እንደገባብኝ አላውቅም። «ሲስተም የለም» አልኩት።

«ትናንትም እንዲሁ ነበር ያሉኝ።»

«የቀበሌ መታወቂያህ ኮፒ የታለ?»

ሰውየው ፋይሉን አገላበጠ። ኮፒው አልነበረውም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ልቤ አዘነለት፣ አፌ ግን «ቀጣይ!» አለ። ሰውየው ፋይሉን አቅፎ ደረጃውን ሲወርድ ጀርባውን አየሁት። የራሴን ጀርባ መሰለኝ።

ቀጥላ የመጣችው ሴት አልለመነችኝም። ፀጉሯን ወደኋላ ያሰረች፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ደረቷ ላይ «ወይዘሮ ንጋቷ፣ የማበረታቻ ባለሙያ» የሚል ባጅ አንጠልጥላለች። መዝገቧን ገለጠችና እስክሪብቶ አወጣች።

«ቁርስ በልተዋል?»

«በልቻለሁ።»

«ምን?»

«ፉል።»

«ነዳጅ ይጠቀማል» ብላ ጻፈች። ከዚያ መዳፏን በመስኮቱ አሾልካ ወደ አፌ አስጠጋች። «እፍ ይበሉልኝ።»

እፍ አልኩላት።

«ይሞቃል። ጭስ አለው» ብላ ይህንንም ጻፈች። «የተመረቱበት ዓመት?»

«የተወለድኩት ስልሳ ሁለት ነው።»

አንገቷን በሐዘን ነቀነቀች። ሐኪም እንደዚያ ሲነቀንቅ አይቼ አውቃለሁ፤ አልወደድኩትም።

«እመቤት፣ እኔ እኮ ነገሩ የመኪና ጉዳይ መስሎኝ ነው» አልኳት።

«የመኪናውማ ድሮ አለቀ» አለችኝ። «መኪናው ሁሉ ኤሌክትሪክ ሆነ። ማበረታቻው ግን ገና ብዙ ተርፏል፤ ስለዚህ ወደ ሰው ተሸጋግረናል።»

«ካልፈለግኩስ?»

«እኛ አናስገድድም፤ እናበረታታለን። ኤሌክትሪክ የሆነ ሰው ያለ ምንም ቀረጥ ወደ ቤቱ ይገባል። በነዳጅ የሚሠራ ሰው ደግሞ ወደ ቤቱ አይገባም። ከዚህ ሌላ ምንም አናደርግም።»

ይህን ብላ እጄን ያዘችና ማህተም መታችበት። ማህተሙን ላነበው ጎንበስ ስል መስኮቱም ጠረጴዛውም የለም፤ የሰፈሬ ኮብልስቶን ላይ ቆሜያለሁ።

የቤቴ በር ላይ ኬላ ተሠርቷል። ከአጥር እስከ አጥር ገመድ ተወጥሯል፣ ሁለት ጠባቂዎች ጫፍና ጫፉን ይዘዋል። ወይዘሮ ንጋቷ ቀድማኝ ደርሳ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ ሲመጡ ገመዱ ይወርድላቸዋል። እኔ ስጠጋ ወደ ላይ ይወጠራል። ጎንበስ ስል ዝቅ ይላል፤ ልራመደው ስል ከፍ ይላል።

«እቴነሽ!» ብዬ ተጣራሁ።

ሚስቴ ከበረንዳው ወረደችና አጥሩ ጋ መጣች። ከጆሮዋ ጀርባ ቀጭን ጥቁር ገመድ ይወርዳል። ፊቷ ላይ የነበረው ሽብሽብ ጠፍቷል፤ ሃያ ዓመት የማውቀው፣ ስትስቅ ዓይኗ ሥር የሚሰበሰበው ሽብሽብ የለም።

«እኛ ጠዋት ጨረስን» አለችኝ። «አያምም እኮ። ልብን አውጥተው ባትሪ ያስገባሉ፣ በቃ። ቶሎ ብለህ አንተም ጨርስ እንጂ፣ ነገ ማበረታቻው ይነሳል እየተባለ ነው።»

«እኛ ስትዪ... ብርክቲስ?»

«እሷማ ከኔም ቀድማ ነው የጨረሰችው።»

ልጄ ብርክታዊት ከግድግዳው ሥር ተቀምጣለች። የእሷም ገመድ ከሶኬቱ ጋር ተያይዟል። ግንባሯ ላይ፣ እንደ ስልክ ባትሪ፣ የቀረውን ኃይል የሚያሳይ ቁጥር ይበራል፤ ዐሥራ ሁለት ይላል። ስሟን ጠራሁት። ቀና ብላ አየችኝ፤ እንግዳ መጥቶ በር ላይ ሲቆም እንደሚታየው አድርጋ አየችኝ።

«እቴ፣ ባትሪው ስንት ዓመት ይሠራል?»

«የስምንት ዓመት ዋስትና አለው።»

«ከስምንት ዓመት በኋላስ?»

እቴነሽ ወደ ወይዘሮ ንጋቷ ዞረች። ወይዘሮ ንጋቷ መዝገቧን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላበጠች። ከዚያ ዘጋችውና ማጨብጨብ ጀመረች። ጠባቂዎቹም ገመዱን በጥርሳቸው ነክሰው አጨበጨቡ።

ልጄ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ዐሥራ ሰባትና ስምንት በልቤ ደመርኩ። አጥሩን ያዝኩ።

«አስወጡላት» አልኩ። «የእሷን መልሱላት፣ የእኔን ውሰዱ። እፈርማለሁ።»

«እንግዲያው መበረታታት ጀመሩ» አለች ወይዘሮ ንጋቷ በደስታ። ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። የስሜን የመጀመሪያ ፊደል እንደጻፍኩ መብራት ጠፋ።

ጭብጨባው መሐል ላይ ተቋረጠ። የወይዘሮ ንጋቷ ሁለት እጆች አንድ ስንዝር ተራርቀው አየር ላይ ቀሩ። እቴነሽ አንድ ቃል ልትናገር አፏን እንደከፈተች ቆመች። ሰፈሩ በሙሉ ፀጥ አለ፤ መንገድ ላይ አንድ እግሩን አንስቶ የቀረ ሰው አየሁ። የምተነፍሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በኬላው ገመድ ሥር ሾልኬ ገባሁ። የከለከለኝ የለም። የብርክቲ ግንባር ላይ ዐሥራ ሁለት የነበረው ዘጠኝ ሆኗል። ገመዷን ነቅዬ በጀርባዬ አዘልኳት። በልጅነቷ አዝዬያት አውቃለሁ፤ አሁን ግን እንደ ብረት ከብዳለች፣ እንደ ብረትም ቀዝቅዛለች። እቴነሽን «እመለሳለሁ» አልኳት። የሰማችኝ አይመስለኝም።

አስፋልቱ ላይ ስወጣ ሌሎችም እንደኔ ያልፈረሙ ሰዎች ይሮጣሉ። እያንዳንዱ የራሱን ሰው ተሸክሟል። አንድ ሽማግሌ ባለቤታቸውን በጋሪ እየገፉ ደረሱብኝ።

«አባቴ፣ መብራት የት አለ?» አልኳቸው።

«ቆቃ ግድቡ ጋ አለ ይላሉ። ካለም እዚያ ነው።»

«በእግር ይደረሳል?»

«የእኔዋ አራት ላይ ናት፣ ልጄ። አታስወራኝ» ብለው ገፉ።

ኮሮላዬ መንገድ ዳር በሯን ከፍታ ቆማለች። ብርክቲን ከኋላ አጋደምኳትና ቁልፉን አዞርኩ። አልተነሳችም። የቤንዚን መለኪያው ከቀዩ በታች ወርዷል። ወረድኩና ከኋላ መግፋት ጀመርኩ። መንገዱ ሜዳ ነበር፤ ስገፋው ዳገት ሆነ። በኋለኛው መስታወት ቁጥሩ ይታየኛል። አምስት። አራት። እግሬ ወደኋላ ይንሸራተታል፣ መኪናዋ ደረቴ ላይ ትጫነኛለች። ከኋላዬ የሚገፉ ሰዎች አሉ ብዬ ዞሬ አየሁ፤ ማንም የለም።

ሦስት ላይ ልጄ ዓይኗን ሳትገልጥ ተናገረች።

«አባዬ፣ አንተ ለምን ከኛ ጋር አልሆንክም?»

ልመልስላት ፈለግኩ። ፈርቼ ነው ልበላት፣ ወይስ አውቄ ነው ልበላት፣ የትኛው እውነት እንደሆነ ራሴም አጣሁት። አፌን ስከፍት ትንፋሼ መስታወቱን ጭጋግ አለበሰውና ቁጥሩ ተሸፈነብኝ። በእጅጌዬ ብጠርገው ብጠርገው አይጠራም። ሁለት ይሁን አንድ ይሁን ሳላይ መስታወቱ መንኳኳት ጀመረ። ከውስጥ የምታንኳኳው እሷ መሰለችኝ፤ ጮኼ ነቃሁ።

ፊቴ መሪው ላይ ተደፍቷል። ነግቷል። መስኮቱን የሚያንኳኳው ቱፋ ነው፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እዚህ ማደያ ወረፋ ላይ ከፊቴ ያለው ባለታክሲ። ሁለት ሌሊት መኪናችን ውስጥ ነው ያደርነው።

መስኮቱን ዝቅ አደረግኩለት።

«ወንዴ፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትጮኸው? ተነስ፣ ቦቴው ገብቷል» አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። እውነቱን ነው፤ ቦቴው ማደያው ግቢ ውስጥ ቆሟል፣ ቤንዚኑን ገልብጦ ቱቦውን እየጠቀለለ ነው። ተመስገን አልኩና ላቤን ጠረግኩ። ቁልፉን ልይዝ ስል ግን ከፊታችን ካሉት መኪናዎች አንዱም እንደማይንቀሳቀስ አየሁ። ሾፌሮቹ ወርደው፣ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

«ታዲያ ለምን አይቀዱም?» አልኩት።

«መብራት የለም» አለኝ ቱፋ። «ፓምፑ እኮ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው።»