ዕቃ ሃያ ሦስት እና ክቡር ሮዲዮን ሳቪች

የሙከራ አየር ማረፊያ ያለበት ከተማ ሁሉ፣ ዓለምን ጉድ ሊያሰኝ የነበረ አውሮፕላን ሠርተው የተከለከሉ አንድ ሽማግሌ አያጣም። የእኛዎቹ ክቡር ሮዲዮን ሳቪች ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የክንፍ መሐንዲስ። እኔ የአየር ማረፊያው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆንኩ ጆሮዬ ሃያ ዓመት ሙሉ የእሳቸው ሆኖ ኖሯል።

የሠሩት ተዋጊ አውሮፕላን በወረቀት «ዕቃ ሃያ ሦስት» ይባላል። አንድ ብቻ ተሠራ፤ አሥራ አንድ ጊዜ በረረ፤ ሊገባለት የነበረው አዲስ ሞተር ዘገየና ከሞስኮ «ይብቃ» የሚል ደብዳቤ መጣ። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ በዳቦ ሰልፍም፣ በሠርግም ይነግሩናል። አማቴን በቀበርን ዕለት እንኳ በጨው ውኃ የኮመጠጠ ኪያር ለሁለት ሰንጥቀው፣ አየር በክንፍ ላይ እንዴት እንደሚሄድ ለሐዘንተኛው አስረዱ። ማሳረጊያቸው «ስድስት ወር ብቻ ቢጨምሩልን ኖሮ» ነው። ሰለቸን።

ባለፈው መጋቢት አውሮፕላኑ ተቆራርጦ ለብረት ማቅለጫ እንዲሄድ ታዘዘ። ቅጹን የምሞላው እኔ ነኝ። «የመጨረሻ በረራ ቀን» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ሮዲዮን ሳቪች እንደ ዘወትራቸው ከኋላዬ ቆመዋል። በእኛ ከተማ ያንን ቃል የሚደፍር የለም፤ «የመጨረሻ» ያለ አብራሪ ሞቱን ጠራ ይባላል። እኛ «የዳር በረራ» ነው የምንለው። የሞስኮ ቅጽ ይህን ከየት ይወቅ።

«ዚኖችካ፣ እዚያ መስመር ላይ ቀን እንዳትጽፊ» አሉኝ።

«ሮዲዮን ሳቪች፣ ደከመኝ እኮ። ከእንግዲህ አይበርም።»

«መች ጠፋኝ። ግን ጠዋት ስነሣ ከእሱ ሌላ የምሄድበት የለኝም።»

ስለ ሞተሩ አንድም ቃል አልጨመሩም። እኔም «የመጨረሻ» የሚለውን ሰርዤ «የዳር» ብዬ ጻፍኩበት። ሞስኮ «ስሕተት፤ ይታረም» ብላ መለሰችው። አረምኩት፤ ያንኑ ስሕተት ደግሜ። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ቅጹ ሳይጸድቅ መጋዝ የሚያነሣ የለምና አውሮፕላኑ እስካሁን ቆሟል። አለቃዬ ቅጹ አሁንም ከተመለሰ ከሥራ እንደምባረር በጽሑፍ አስጠንቅቆኛል።

ትናንት ሮዲዮን ሳቪች ጉንፋን ይዟቸው ሳይመጡ ቀሩ። ሃያ ዓመት የተመኘሁት ጸጥታ ነበር፤ እስከ ምሳ ሰዓት እንኳ አልቻልኩትም። ሾርባ ይዤ ቤታቸው ሄድኩና ስለ ክንፉ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። እወዳቸዋለሁ፤ ምን ላድርግ።

አራተኛውን ቅጽ ዛሬ ጠዋት ልኬዋለሁ፤ እንደተለመደው ያንኑ ስሕተት ደግሜ።