አሮጌ ሞተር ዳገት ላይ አያርፍም

ሽምብራ እናንተ ቤት ምንድን ነው? ሽሮ ይሆናል፣ ቆሎ ይሆናል። እኛ ቤት ነዳጅ ነው። ምስሩ ደግሞ ጥይት። ወላሂ አልቀለድኩም። ለወጥ ምስር ስፈልግ "ቆይ ሀዩ፣ እየተታኮስን ነው" እባላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ሰይድ ሾፌር ነው፤ ከአባቱ በቀረች ፒካፕ ከኮምቦልቻ ደሴ ሽንኩርቱንም ሲሚንቶውንም ያመላልሳል። ጓደኛው ጀማል ባጃጅ ይነዳል። ጀማል ስልኩ ላይ መኪኖች የሚዋጉበት ጨዋታ ነበረው። መኪና በመኪና ላይ ይተኩሳል፣ ይገጫል፣ ይቃጠላል። ሁለቱ አንገት ለአንገት ገጥመው በአንዲት ስልክ ሲዋጉ ከረሙ። በኋላ ስልኩ ወድቆ ተሰበረ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ምን ዋጋ አለው! ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ጨዋታውን ከስልክ አውጥተው ሳሎኔ ወለል ላይ ዘረጉት።

ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ መንገድ ሠሩ። ከኮምቦልቻ ተነስቶ፣ ዳገቱን ጥምዝምዝ እያለ ወጥቶ ደሴ ይገባል። መኪናው የለስላሳ ቆርኪ ነው። ዳይሷ ከሉዶ መጣች። ዳይስ በጣሉ ቁጥር ሽምብራ ይከፍላሉ፤ ነዳጅ ነዋ! ምስሩን በጣቱ አስፈንጥሮ የሌላውን ቆርኪ የመታ "ገደልኩህ!" ይላል። ሚስትና ልጅ ያለው ሰው በሆዱ ተኝቶ ምስር ያስፈነጥራል።

ይሄም ባልከፋ። የጨረሰኝ ጭቅጭቁ ነው። የጀማል ቆርኪ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። የሰይድ ዝጓል። ራሱ ነው መርጦ ያመጣው፤ "እማማን ትመስላለች" ብሎ። እማማ የሚላት ፒካፗን ነው። እኔን እንኳ የሚያቆላምጠኝ ሲርበው ነው፤ እሷን ግን ጠዋት ጠዋት "እማማ፣ አብሽሪ፣ ተነሽልኝ" ይላታል። እማማም ሳል እንደያዛት አሮጊት ስትንፈቀፈቅ ቆይታ፣ ሰፈሩን ጥቁር ጭስ አልብሳ ትነሳለች። ያሰጣሁትን ልብስ ስንቴ ደግሜ እንዳጠብኩ አላህ ነው የሚያውቀው።

ታዲያ ጀማል፣ አሮጌ ሞተር ከአዲስ ሞተር ጋር እኩል መሮጥ የለበትም አለ። ልክ ነው እኮ! አሮጌ ሞተር ጠዋት በጄ ስለማይል መጀመሪያ ላይ አንድ ተራ ይለፈው፤ ዳገት ላይ ደግሞ ቆሞ ይረፍ፣ ውሃ ይጠጣ፤ አለዚያ ይፈላል አለ። ሰይድ እናቱ የተሰደበች ያህል ተቆጣ። የድሮ ብረት ወፍራም ነው፣ ምስር አይበሳውም፤ ጭሱም ከኋላ የሚያሳድደውን ዓይን ስለሚያጠፋ ተራ የሚያልፈው አንተን ነው አለ።

"ባንተ ቤት ባጃጅ ሞተር አላት?" አለው። "የልብስ ስፌት መኪና እኮ ነው የምትነዳው!"

"ያንተዋስ? በነዳጅ መሰለህ የምትሄደው? በዱአ ነው!" አለ ጀማል።

መቼም ወሎ ነውና አስታራቂ አይጠፋም። ጎረቤታችን ጋሽ ይማም ተጠሩ። በጉብዝናቸው ጊዜ የጭነት መኪና ይነዱ ነበር። ሁለቱንም ሰሙ። እኛ ዘንድ ክርክር በምን ይዘጋል? በዱአ ነዋ። እጃቸውን ዘረጉ። አላህ በሰላም ያኑራችሁ አሉ። አሚን! ከመንገድ አደጋ ይጠብቃችሁ አሉ። አሚን! "አሮጌ ሞተር ጭሱ ጋሻው ይሁን፤ ዳገት ላይም አያርፍም!" አሉ። አሚን!

ያን የመጨረሻውን አሚን ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። ጓዳ ሆኜ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ። ዱአ ሲሰማ አፌ ራሱ ነው የሚከፈተው፤ እንዲያ ነው ያደግሁት። ምን እንደተባለ የምጠይቀው ከአሚን በኋላ ነው። አሚን የተባለበት ነገር ደግሞ እኛ ቤት አይፈርስም።

እኔ እንግዲህ ፈሪ ነኝ። ከወለድኩ ወዲህ ደግሞ ባሰብኝ። ልጄ ፉአድ ሲተኛ እስትንፋሱን አዳምጣለሁ፤ ሲነቃ እጁን እጠብቃለሁ። እጁ ያገኘው ሁሉ ወደ አፉ ነው። "ሽምብራውን አንሱልኝ፣ ልጁ ይውጠዋል!" እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። ሰይድ እሺ ይላል። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? ጀማል ደግሞ "ቢውጠውስ? ምግብ አይደል?" ይለኛል።

አልዋጠውም። እዚያ ላይ ተሳስቻለሁ። አፍንጫው ውስጥ ከተተው።

ከምሳ በኋላ ነው፤ ልጁ አፍንጫውን ይዞ ያለቅሳል። ቀና አድርጌ ባየው ውስጥ ክብ ነገር! ጮህኩ። ጎረቤት ደረሰ። አንዷ ቅቤ አድርጊበት አለች። አንዷ ንፊበት አለች። ሌላዋ ደግሞ፣ የሽምብራ ክፋቱ እርጥብ ሲያገኝ ያብጣል አለች። ይችን ምነው ባልሰማኋት! ሽምብራ ተዘፍዝፎ ሲያድር ምን እንደሚያክል የማላውቅ ይመስል! ጤና ጣቢያ ሮጥን። ነርሷ በባትሪ አይታ፣ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ እንዳትነካኩት፣ ቶሎ ደሴ ሆስፒታል አድርሱት አለችን።

ሚኒባስ እንያዝ አልኩ። "ሞልቶ እስኪነሳ ልንጠብቅ? እማማ እያለች?" አለ ሰይድ። ምን ላድርግ፣ ገባሁ።

ዳገቱ ተጀመረ። እማማ ትንፈቀፈቃለች። ፉአድ በአንድ አፍንጫው ይተነፍሳል። እኔ በምኔም አልተነፍስም። አንዱን ኩርባ ዞርን፣ ሌላውን ዞርን። የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ወደ ቀዩ ስትሄድ አየሁ። መኪና አላውቅም፤ ቀይ ግን አውቃለሁ።

"ሰይድ፣ እባክህ አቁም። ትንሽ ትረፍና ውሃ ስጣት። መንገድ ላይ ከቀረን ልጄን ምን ላድርገው?" አልኩት።

ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አሮጌ ሞተር ዳገት ላይ አያርፍም። አንቺም አሚን ብለሻል።"

ያ አላህ! የልጁ አፍንጫ ውስጥ ሽምብራ ተቀርቅሮ፣ ሰው በቆርኪ ሕግ ይነዳል? በልቤ ልቅም አድርጌ ሰደብኩት።

ብዙም አልሄድን። እማማ ከፊቷ ነጭ እንፋሎት ለቀቀች፤ አንዴ ተንዘፈዘፈችና ቀጥ አለች። ሰይድ ወርዶ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ከተተ። እኔን ቀና ብሎ አያይም። በረድ እስክትል ጄሪካኑን አቅፎ ቆመ። እኔ ልጄን ይዤ ከኋላዋ መንገድ ዳር ወጣሁና የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በሻርፔ እለምን ጀመር። አንዱ ሞልቷል፣ አንዱ አላየኝም። ፉአድ ማልቀሱን ትቶ ዝም ሲል ይባስ ፈራሁ።

በዚህ መሃል ሰይድ ውሃውን ሞልቶ ቁልፉን አዞረ። እማማ እንዳመሏ ሳለች፣ ሳለች፣ ሳለችና ያን ጥቁር ጭሷን እኔና ልጄ ፊት ላይ ቡፍ!

ፉአድ ዓይኑን ጨፈነ። አፉ ተከፈተ። አነጠሰ! እንዲያ ያለ ማንጠስ ከትልቅ ሰውም ሰምቼ አላውቅም። ሽምብራው ተተኩሶ የፒካፗን የኋላ መዝጊያ ቀጭ አድርጎ መታና ወደቀ።

ሰይድ ዘሎ ወረደ። ልጁን ሳመው፣ አለቀሰም፣ አልዋሽም። ከዚያ ሽምብራውን ከመሬት አነሳና በሱሪው ጠረገው። "አላልኩሽም? እማማ አታሳፍርም!"

ሳይታይ አልመለስም ብዬ ደሴ ገባን። ሐኪሙ አየውና ንጹሕ ነው፣ በምን አወጣችሁት አለን። ሰይድ "በሞተር" አለው።

ቤት እንደደረስኩ ሽምብራውን ሙልጭ አድርጌ አስፈጨሁት። ምስሩን ቆለፍኩበት። ከእንግዲህ ነዳጅ ከልጅ አፍንጫ የሚተልቅ ይሁን ብዬ እኔም ሕግ አወጣሁ። አሁን በድንች ነው የሚጫወቱት። ቀጥዬ ደግሞ ሰይድን ፒካፗን ሽጣት ልለው ነበር። ግን እንዴት ብዬ? ልጄን ያዳነች እሷ ሆነች!

ጋሽ ይማም እንኳን አላህ ማረላችሁ ሊሉ መጡ። ሰይድ ቀድሞ አጫውቷቸዋል፤ አዲስ ሕግ ይጽደቅልኝ ብሏል። ጀማል "ዛሬስ በዛ!" እያለ ይስቃል። እኔ ነቅቻለሁ፤ ዛሬ አፌን አልከፍትም ብዬ የሻርፔን ጫፍ ነክሻለሁ። ጋሽ ይማም እጃቸውን ዘረጉና፣ መሃል ላይ ሳይተነፍሱ፣ "ፉአድን አላህ ያሳድግልሽ፣ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅልሽ፣ የአሮጌ ሞተር ጭስም መድኃኒት ይሁን!" አሉ።

እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ከየትኛው ትለያላችሁ? ልጄ እኮ ነው! አሚን አልኩ። ከሁሉም የኔ አሚን ነበር የጮኸው።

ትናንት ፉአድን ጉንፋን ያዘው። ሁለቴ አነጠሰ። ሰይድ ልጁን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ የእማማን ቁልፍ ፍለጋ ኪሱን መዳበስ ጀመረ።