አፍንጫሽ አንድ እስኪሆን

ቤተሰብ ሁሉ አንድ ፎቶ አንሺ አለው፤ ቤተሰቡም ሁሉ በእሱ ምክንያት ቆሞ እግሩን ያመዋል። የእኛ ቤት ዕጣ አጎቴ ናቸው፦ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጡረታ የወጡ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ፣ የአንድ አሮጌ ባለፊልም ካሜራ ሙሉ ባለሥልጣን። በፊታቸው ስልክ አውጥቶ ፎቶ ላንሳ ያለ ሰው ወዮለት። «ስልክ ያያል እንጂ አያስተውልም» ይላሉ።

ክቡርነታቸው መጀመሪያ ሰማዩን ይመረምራሉ። ከዚያ ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ካሜራው ተከፍቶ የሚዘጋበትን ፍጥነት ይመርጣሉ፤ የሴኮንድ አንድ ስድሳኛ፣ አንድ መቶ ሃያ አምስተኛ፣ ተመልሶ ስድሳኛ። ደመና ካለፈ ሁሉም ከሀ ይጀመራል። ቀጥሎ የሌንሱ ቀለበት አለ። በካሜራው መመልከቻ ሰው ድርብ ሆኖ ይታያል፤ ቀለበቱ በልኩ ሲዞር ሁለቱ ምስሎች ይገጥማሉ። «አትነቃነቂ! ገና ሁለት አፍንጫ አለሽ!»

በእህቴ ሠርግ ሙሽሮቹ ኬኩ ላይ ቢላ እንደያዙ ክንዳቸው ዝሎ ሚዜዎቹ ደገፉላቸው። የጎረቤታችን ሕፃን ፎቶ ሊነሳ እንደተቀመጠ ጥርስ አበቀለ የሚሉም አሉ።

ባለፈው ዓመት እናትና አባቴ ተኮራረፉ። አባቴ ቧንቧውን «ራሴ እጠግነዋለሁ» ብሎ ማድ ቤቱን ኩሬ አደረገው፤ እናቴ ደግሞ «ነግሬህ ነበር» አለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ሆነ። «ቁርስ ቀርቧል በይው።» «ሰምቻለሁ በያት።»

አጎቴ ይህን ሳያውቁ ካሜራቸውን አንግተው መጡና ሁለቱን በሩ ላይ አቆሟቸው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሶፋ ያስገባል።

«ተጠጉ እንጂ! ግማሻችሁ ውጭ ቀርቷል።»

በግድ ተጠጉ። ሰማዩ ታየ፤ ፍጥነቱ ተመረጠ፤ ደመና አለፈ፤ እንደገና ተመረጠ። ሃያ ደቂቃ ሆነ። አባቴ ፊቱን ሳያዞር፣

«ይሄ ወንድምሽ እዚሁ አቁሞ ሊያስረጀን ነው» አለ።

እናቴ ከንፈሯን ነከሰች፤ ግን አልቻለችም። «እሱ ቢያንስ ውሃ አያፈስም!» ብላ እየሳቀች ትከሻውን መታ አደረገችው።

ቀጭ።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ የእናቴ እጅ እንደ ጭስ ተበትኗል፤ የአባቴ አፍ ተከፍቷል፤ ጥርት ብሎ የወጣው ከኋላቸው ያለው የበሩ ቁልፍ ብቻ ነው። አጎቴን ላብ አጠመቃቸው።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ፍጥነቱን ቀርፋፋው ሠላሳኛ ላይ ረስቼው… ይቀደድ!»

እናቴ ከእጃቸው መንትፋ ወሰደችው። ዛሬ ሳሎናችን ውስጥ በትልቁ ተሰቅሏል።

«እንግዲያው እንደገና ላንሳችሁ» አሉ አጎቴ ያኔውኑ፣ የተቀጣ ተማሪ መስለው። እናትና አባቴ ሁለተኛ ሳይጠሩ ሄደው በሩ ላይ ቆሙ፤ ትከሻ ለትከሻ፣ እየተጎነታተሉ። እኔንም ጠሩኝ። ሥራ የምገባበት ሰዓት አልፎ ነበር። አጎቴ ቀለበቱን እያዞሩ ቀና አሉና በሐፍረት አዩኝ።

«አንዲት ደቂቃ ብቻ፣ ልጄ።»

ቦርሳዬን መሬት አስቀምጬ በሁለቱ መሃል ገባሁ።

«አይቸኩሉ፣ ጋሼ» አልኳቸው።