የሰይድ አሮጌ ሮኬት

ከሚሴ ውስጥ ሮኬት የሚያስወነጭፍ ሰው አለ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ጎረቤቴ ሰይድ ከካርቶን የሠራቸው ብዙ ትናንሽ ሮኬቶች አሉት። ቆንጆዎቹ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁልጊዜ የምትወነጨፈው ግን ያችው በፕላስተር የተጠጋገነችው አሮጌዋ ናት።

ባለፈው ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሚስቱን ዘይነባንና እኔን ኮንትራት ባጃጅ ይዞ ጨፋ ሜዳ ወሰደን። ሮኬቷ ሽቅብ ተፈተለከች፤ ዣንጥላዋን ዘርግታ ስትመለስ ነፋስ ገፍቶ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ጣላት። ሰይድ የጁምዓ ልብሱን እንደለበሰ ዘሎ ገባ። ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ሮኬቷን እንደ ሕፃን ታቅፎ ወጣ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆነችም!»

ዘይነባ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «እኔ ብወድቅስ እንዲህ ትዘል ነበር?» አለችው።

ሰይድ የምሩን አሰበበት። «አንቺማ ዋና ትችያለሽ» አላት።

ወደ ከሚሴ ስንመለስ፣ ሮኬቷ ባጃጁ ውስጥ በሰይድና በዘይነባ መሀል ተቀምጣ ነበር።