በአርጀንቲና ሰዓት የተያዘ ቀጠሮ

«እኔ ክራባት አስሬ በሦስት ሰዓት ተቀምጫለሁ! ማን መጣ? ዝንብ!»

«እኛም በዘጠኝ ሰዓት ደርሰን በርዎ ላይ ቆመናል! ማን ወጣ? ውሻዎ!»

«ቀጠሮው ሦስት ሰዓት ነበራ!»

«ዘጠኝ!»

«ሦስት! በስልኬ ተጽፎ!»

«ዘጠኝ! በስልኬም ተጽፎ፣ በጆሮዬም ተነግሮ!»

ዝንብ ብቻ እንደመጣበት የሚናገረው አባቴ ነው። አቶ አለባቸው ይባላል፤ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ወፍጮ ቤት አለው፤ ወፍጮው ሲፈጭ ጮክ ብሎ ማውራት ስለለመደ ወፍጮው ሲቆምም ድምፁ አይቆምም። ውሻ ብቻ የወጣላቸው ደግሞ መሪጌታ ሐረገወይን ናቸው፤ አምበር አጠገብ ባለ ደብር ዜማ ያስተምራሉ። እሳቸው ሲቆጡም ድምፃቸው ከፍና ዝቅ የሚለው በሥርዓቱ ስለሆነ፣ ቃሉን ያልሰማ መንገደኛ የሚዘምሩ ይመስለዋል። ቦታው መናኸሪያው አጠገብ ያለው የጌታሰው ስልክ መጠገኛ ሱቅ ነው። ቀኑ ሰኞ፣ ጊዜው ጠዋት። ጠቡ በእህቴ በየሺ ጋብቻ ነው።

ጋብቻ ስላችሁ ጠቡ በጥሎሽ ወይም በዘር ቆጠራ የመጣ ሳይመስላችሁ አልቀረም። አይደለም። ጠቡ የመጣው በሶፍትዌር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። ሰው ለብዙ ነገር ታማኝ ይሆናል፤ ለሚስቱ፣ ለንስሐ አባቱ፣ ፀጉሩን ለሚቆረጥበት ቤት። እነዚህ ሁሉ ግን ቢያንስ ስሙን ያውቁታል። ለስልክ ኩባንያ ታማኝ መሆን ለየት ያለ ፍቅር ነው። አባቴ የዚያን ኩባንያ ስልክ ብቻ ነው የሚይዘው (ስሙን አልጠራውም፤ ከጠራሁት «ስሙን በሙሉ ክብር ጥሪው» ብሎ ያርመኛል)። አንዱ ሲሰበር የዚያኑ ታናሽ ወንድም ይገዛል። የሌላ ኩባንያ ስልክ ይዞ ቤታችን የገባ እንግዳ ጠላ ይቀዳለታል፤ ቻርጀር ግን አይሰጠውም። ኩባንያው በበኩሉ አባቴ የሚባል ሰው መኖሩን እስከ ዛሬ አልሰማም።

ይህ ፍቅር አንድ እንከን ብቻ ነበረው። ሰዓት። እኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ስንል ስልኩ «9:00» ይላል። ታማኞቹ ደንበኞች ኩባንያው የኢትዮጵያን ሰዓት እንዲያስገባ ለዓመታት ለመኑ፤ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉ፣ አጻጻፉ ያልገባቸው እኔን አስጻፉ። መልስ የለም። በመጨረሻ ጌታሰው ዘዴ አመጣ። ስልኩ ውስጥ የዓለም ከተሞች ዝርዝር አለ አይደል? እዚያ ውስጥ አዲስ አበባን ትቶ ቦነስ አይረስን መረጠ። አርጀንቲና ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ቁጥሩ ከእኛ ሰዓት ጋር ግጥም አለ። ቀኑ እንኳን የሚለወጠው እኛ ጎህ ሲቀድልን ነው። ከዚያ ወዲህ የመናኸሪያው ሰፈር ግማሽ ሰው ኑሮው ማርቆስ፣ ሰዓቱ አርጀንቲና ሆነ። የአየር ጠባዩም አብሮ መጣ። አባቴ በጥር ፀሐይ ጃንጥላ ይዞ ወፍጮ ቤት ሲሄድ የሚያይ ሰው ይስቃል፤ እሱ ግን «ስልኬ ዝናብ አለ ብሎኛል» ይላል። ዝናብማ ነበረ። ቦነስ አይረስ።

መሪጌታ የዚያው ኩባንያ ታማኝ ሆነው ሳለ ይህን ዘዴ አልተቀበሉም። «አገሬ ተቀምጬ በሰው አገር ሰዓት ቅዳሴ አልገባም» ብለው በየጊዜው ስድስት በጣታቸው ይቀንሳሉ። አባቴ በዚህ ይስቅባቸው ነበር። ነበር ማለቴን ያዙልኝ።

አሁን ወደ የሺ። የሺ ጉንደ ወይን አስተማሪ ናት። ጌታሰውን የምትወደው ከተማሪነቷ ጀምሮ ነው፤ እሱም ይወዳታል፤ ግን ጌታሰው እስኪያጣራ ድረስ ምንም ነገር የማይጀምር ሰው ነው። የሰውን ሁሉ ስልክ አፕዴት ያደርጋል፤ የራሱን ግን አያደርግም። «ሌላው ሰው ላይ እንየው» ይላል። ሽማግሌ ለመላክም እንደዚያው ቆይቶ ቆይቶ ጓደኞቹ ሁሉ አግብተው ልጅ ሲያስጠምቁ ካየ በኋላ ቆረጠ። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት መሪጌታ ሆኑ። ቀጠሮው እሑድ ዘጠኝ ሰዓት። ጌታሰው በአፍ ከተነጋገሩ በኋላ ሰው እንዳይረሳ ብሎ ቀጠሮውን ለአባቴም ለመሪጌታም በስልክ ላከ። የሺ ለዚህ ቀን ብላ ከትምህርት ቤቷ ፈቃድ ጠየቀች፤ ርዕሰ መምህሩ «ሰኞ ከሰዓት ክፍል ውስጥ ላይሽ» ብለው ለቀቋት።

ይህ ሁሉ በተሰናዳበት ሳምንት፣ ዓርብ ዕለት፣ ኩባንያው አዲስ ሶፍትዌር ማውጣቱን ሊያበሥር ሆነ።

ሱቁ ውስጥ መቆሚያ ጠፋ። የጌታሰው ላፕቶፕ መደርደሪያ ላይ ተሰቅሎ፣ አንድ ቀጭን ፈረንጅ መድረክ ላይ እየተንጎራደደ ይናገራል፤ እኔ ደግሞ «እንግሊዝኛ ትችላለች» ተብዬ ወንበር ላይ ቆሜ እተረጉማለሁ። ፈረንጁ ብዙ ተናገረ፤ እኔ ትንሽ ተረጎምኩ። «ስልኩ... ፎቶ... ያሳምራል» አልኩ። ማንም አልተደነቀም። «የኢትዮጵያን ሰዓት አስገብተናል ይላል» ስል ግን ሱቁ ተናወጠ። አንዱ አፏጨ። አባቴ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ወፍጮ ቤቱ ሲመረቅ እንኳን አላለቀሰም። መሪጌታ ተነሥተው ቆሙና ኮፍያቸውን... ይቅርታ፣ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

ከሱቁ ፊት ቅቤ የምትሸጠው ወይዘሮ ትርንጎ ብቻ ፊቷን አጨማደደች። እሷም ደንበኛ ናት፤ ግን ታማኝነቷ ስድብ የተቀላቀለበት ነው።

«ሰዓት ሰጡን?» አለች። «ሰዓትማ ድሮም ነበረን። ምነው ባትሪ ቢሰጡን? የእኔው እኮ ሃሎ ብዬ ሳልጨርስ ነው የሚሞተው!»

«አንቺ ምስጋና አታውቂም!» አላት አባቴ።

«ለምኑ ላመስግን? የራሴን ሰዓት መልሰው ስለሰጡኝ?»

አባቴ ለወይዘሮ ትርንጎ መልስ መስጠት ትቶ ቅዳሜ ማታ ስልኩን አፕዴት አደረገ። እናቴ እልል በይ ተባለች፤ «ወጥ ይዣለሁ» አለች።

አሁን የሒሳብ ትምህርት የማትወዱም ብትሆኑ አንድ ጊዜ ታገሡኝ። አዲሱ ሶፍትዌር የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ስልኩ ከሚያሳየው ሰዓት ላይ ስድስት ይቀንሳል። አዲስ አበባ ብሎ ለተቀመጠ ስልክ ልክ ይመጣል። አርጀንቲና ለከረመ ስልክ ግን ቀድሞ በተቀነሰለት ላይ ሌላ ስድስት ይቀነስለታል። ስለዚህ አባቴ ስልክ ላይ ዘጠኝ ሰዓት የነበረው ቀጠሮ ሦስት ሰዓት ሆነ። አፕዴት ቢደረግም ከአዲስ አበባ ያልወጣው የመሪጌታ ስልክ ደግሞ ልክ ዘጠኝ አለ። ኩባንያው ሰምቶን ሲመጣ ቤታችን አልነበርንም ማለት ነው።

አባቴ ቀጠሮው ሦስት ሰዓት መሆኑን ሲያይ ደስ አለው። «ቸኩለዋል!» አለ ለእናቴ፤ «ልጄ እንዳታመልጣቸው ፈርተዋል።» እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በጊዜ ተመለሰ፤ ለሽማግሌ ክብር ሲል ስልኩን አጠፋ፤ ክራባቱን አሰረ። ሬዲዮው ሦስት ሰዓት አለ፣ አራት አለ። ዶሮው በረደ። እኩለ ቀን ላይ ክራባቱን ፈታና አልፎ አልፎ ብቻ በሚናገርበት ድምፅ፣ ማለትም በቀስታ፣ «ተንቀናል» አለ። ቤቱን ቆልፎ ሁላችንንም ወደ አክስቴ ቤት ወሰደን። የሺ «አባባ፣ ዘጠኝ ሰዓት ነው የተባለው» አለችው። «ከስልኬ አንቺ ታውቂያለሽ?» አላት። እጇ ላይ ከኮሌጅ ጀምሮ የምታስረው መሙያው እየተዞረ የሚሠራ የእጅ ሰዓት አለ። ቤታችን ሁሉ ይስቅበታል፤ አፕዴት አይደረግማ።

ሽማግሌዎቹ በዘጠኝ ሰዓት ደረሱ። በር ዝግ። እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው ብቻ የሚሠራው ስሕተት ተሠራ። ሴት ልጅ ለመጠየቅ የመጣ ሽማግሌ ደጅ ላይ ትንሽ መቆሙ ወግ ነው፤ ቶሎ ግቡ ከተባለ ልጅቱ የረከሰች ይመስላል። ስለዚህ እነ መሪጌታ ዝጉን በር ሲያዩ አልከፋቸውም። እንዲያውም «ጨዋ ቤት ነው» ተባባሉ። ቆሙ። ውሻው ጮኸ፤ «እንግዳ ያውቃል» ተባባሉ። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ቆሙ፤ አክብሮቱ እየበዛ ሲሄድባቸው ጎረቤት ብቅ ብሎ «ሰው የለም እኮ» አላቸው።

ጌታሰው አባቴ ጋ ደወለ። ስልኩ ዝግ። እንዲህ ነው የተነገረው፤ ሽማግሌ ላከ፣ በርም ስልክም ተዘጋበት።

ሰኞ ጠዋት ሁሉም ሱቁ ውስጥ ተገናኘ። አባቴ ስልኩን ይዞ፣ መሪጌታ ስልካቸውንና ሌሎቹን ሽማግሌዎች ይዘው። የሺ ሻንጣዋን አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆማለች፤ ጉንደ ወይን የሚሄደው ሚኒባስ ከመንገዱ ማዶ ሰው እየጠራ ነው። እኔ አጠገቧ ነኝ። መጀመሪያ ላይ የሰማችሁት ጠብ ይኸው ነው።

ጠቡ ግን ብዙም ሳይቆይ መንገድ ሳተ። መሪጌታ «ሶፍትዌሩ እንከን የለውም፤ እንከኑ አገሩን ትቶ አርጀንቲና የሄደው ሰው ላይ ነው» አሉ። አባቴ ፊቱ ደም መሰለ። «እኛ ስንለምን የኖርነው እንድንቀጣ ነው? ታማኝ የነበርነውን ነው የመታን!» ወይዘሮ ትርንጎ ከውጭ «ባትሪውስ?» አለች። ተራቸውን የሚጠብቁ ደንበኞች ለሁለት ተከፈሉ፤ ኩባንያው ይመስገን የሚልና ኩባንያው ካሳ ይክፈል የሚል። የሺ የሚለው ስም ከጨዋታው ወጣ። እኔ ድፍረቴን አሰባስቤ «አባባ፣ ሁለት ጊዜ ስለተቀነሰ ነው» አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

በዚህ መካከል ጌታሰው ከላፕቶፑ ላይ ቀና አለ።

«ኩባንያው መግለጫ አወጣ!»

ሰው ሁሉ ወደ ላፕቶፑ ተጋፋ። ለቅዳሴም እንዲህ አይጋፋም።

«ችግሩን ሰምተናል፣ ማስተካከያ እየሠራን ነው፣ ታማኝ ደንበኞቻችንን እናመሰግናለን ይላል።»

አባቴ መሪጌታን አየ። መሪጌታ አባቴን አዩ። ሁለቱም ፊት ላይ አንድ ዓይነት ብርሃን ወጣ።

«አመሰገኑን» አለ አባቴ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«ታማኝ አሉን» አሉ መሪጌታ። «ይቅር ይበሉኝ፣ አቶ አለባቸው።»

«እርስዎ ይቅር ይበሉኝ እንጂ፣ መሪጌታ! ደጄ ላይ አቁሜዎት!»

ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ደንበኞቹ አጨበጨቡ። ወይዘሮ ትርንጎ እንኳን ቅቤ በነካው እጇ ዓይኗን ጠረገች። የሺ ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ፊቷ ፈታ አለ። እኔም ተነፈስኩ። እንግዲህ ዛሬ ማታ ይመጣሉ፣ ቢዘገይ ነገ፣ አልኩ በልቤ።

«እንግዲህ አዲስ ቀጠሮ እንያዝ» አሉ መሪጌታ።

«እንያዝ!» አለ አባቴ ስልኩን እያወጣ። ከዚያ ቆመ። ስልኩን አየው። «ግን መሪጌታ... በዚህ ሰዓት እንዴት ይያዛል? እንደገና ብንጣላስ? ማስተካከያው ይውጣና ብንይዝ አይሻልም?»

መሪጌታ ጢማቸውን አሻሹ። «እውነት ነው። የቆየ ነገር ነው፤ ትንሽ ቢቆይ ምን ይሆናል?»

«ጌታሰው፣ አንተ ነህ የምታውቀው» አለ አባቴ። «ምን ትላለህ?»

የሺ ጌታሰውን አየችው። እኔም አየሁት። ደንበኛው ሁሉ አየው። ጌታሰው አንድ ጊዜ የሺን አየ፤ ፈገግ ሊል ነበር። ከዚያ ዓይኑ ወደ ላፕቶፑ ተመለሰ።

«እ... ማስተካከያው ቢወጣም» አለ ጉሮሮውን እየጠረገ፣ «መጀመሪያ ሌላው ሰው ላይ ብናየው ጥሩ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ «ብልህ ልጅ» አለ።

የሺ የእጅ ሰዓቷን ፈታች። መሙያውን አንድ ሁለት ጊዜ አዞረችና ከተፈቱት ስልኮችና ከትናንሾቹ ብሎኖች መካከል፣ ጌታሰው ፊት አስቀመጠችው። ሱቁ ውስጥ ካለው ሁሉ ማስተካከያ የማይጠብቀው እሱ ብቻ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ረዳቱ «ጉንደ ወይን! አንድ ሰው! የቀረው አንድ ሰው!» ይላል፤ ያ መኪና የሚነሣው ሲሞላ ነው፣ በማንም ሰዓት አይደለም። የሺ ሻንጣዋን አነሣች፣ አስፋልቱን ተሻገረች፣ ገብታ ሞላችው።