ሊቀ ሽበት ገርሎፍና የታጠበው ግንብ

ከባሕር ጠለል በታች ባለው በዚህ አገራችን መንደር ተሟላ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን፣ ቦይ እና በአጉሊ መነጽር ግንብ የሚመረምሩ አንድ ሽማግሌ ሲኖሩት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ቢዘጋ ቦዩ አለ፤ ቦዩ ቢደርቅ ሽማግሌው አሉ። የእኛው ገርሎፍ ታሚንጋ ይባላሉ። እኔ ግን የሚገባቸውን ማዕረግ ሰጥቻቸዋለሁ፦ ሊቀ ሽበት።

ሽበት ስል የራሳቸውን አይደለም፤ እሳቸውማ መላጣ ናቸው። የሚመዘግቡት የድንጋይና የዛፍ ሽበት ነው፤ እኔና እናንተ እድፍ መስሎን የምናልፈውን፣ ግን ሕይወት ያለውና እጅግ ቀስ ብሎ የሚያድገውን ግራጫና ቢጫ ቅርፊት። ግንብ ልትደገፍ ስትል ከየት መጡ ሳይባል ከኋላህ ይጮሃሉ፦ "ቀስ! ነዋሪ አለ!"

ጀልባ በመጣ ቁጥር የቦዩን ተነሺ ድልድይ ሲከፍቱና ሲዘጉ ኖረው ጡረታ ወጡ። በየአምስት ዓመቱ የመንገድ ዳር ዛፎችን ሽበት በዚያው ወር፣ በዚያው ተራ እየዞሩ ይቆጥራሉ። የቆጠሩትን ደግሞ ለራሳቸው አያስቀሩትም።

"በልጅነቴ ከፋብሪካው ጢስ የተነሳ ግንዱ ሁሉ ራቁቱን ነበር" ይላሉ። "ጢሱ ሲቀንስ ሽበቶቹ ተመለሱ። ቀጥሎ የከብቱ ሽንት ትነት አየሩን ሲሞላው ቢጫው ወረረን። አሁን ደግሞ ሙቀት ወዳዶቹ ከደቡብ እየመጡ ነው።"

ይህን የሚሉት በጎረቤት የልደት ቀን፣ ወንበር ገጥመን ክብ ሠርተን በተቀመጥንበት፣ ሁለት መቶ ላሞች ካሉት ከሐርማኑስ ጎን ነው።

"ኧረ የኔ ላሞች ምን አደረጉዎት?" አላቸው አንድ ጊዜ።

"ምንም። ደጅህ ያለውን ዛፍ ግን ቢጫ ቀብተውታል።"

"ታዲያ አያምርበትም?"

"ያምርበታል። ድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓይነት ሽበት ነበረበት፤ አሁን ስድስት ነው" አሉና ኬካቸውን ቀጠሉ።

የሐርማኑስ እናት የተቀበሩ ዕለትማ ሊቀ ሽበት ከጎን ካለ አሮጌ መቃብር ፊት ተንበርክከው ተገኙ። ቄሷ ትከሻቸውን ዳበስ አድርገው፣ "ዘመድዎ ነበሩ?" ቢሏቸው ምን ቢመልሱ ጥሩ ነው? "አይ፣ ግን ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ።"

እንግዲህ ወደ ኃጢአቴ ልምጣ። እኛ ደጃችን ያለውን አስፋልት ሳይቀር የምናጥብ ሰዎች ነን። በየመጋቢቱም መንደሩ ተሰብስቦ ያጸዳል። ያን ዓመት በግፊት ውኃ የሚረጭ ማጠቢያ ማሽን ገዝቼ ስለነበር አላስቀምጥ ብሎኛል። የታዘዝኩት አግዳሚ ወንበሮቹን ነበር። እነሱ ሲያልቁ የመቃብር ስፍራው ደቡብ ግንብ ከፊቴ ቆሞ አየሁት። በአርባ ደቂቃ ጡቡ ትናንት ከእቶን የወጣ መሰለ። ሁሉም አደነቀኝ፣ ባለቤቴ ሂልየ እስክትመጣ ድረስ።

"የቱን ነው ያጠብከው?"

"ደቡቡን።"

"የገርሎፍን?!"

በሦስተኛው የጡብ ረድፍ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ግራጫ ክብ ነበረች። ምስር ሳታክል ጀምረው ሠላሳ አንድ ዓመት ለክተዋታል። እሳቸው እንደሚሉት በአውራጃው ሌላ የለችም።

ቤታቸው ሄድኩ። እንደ አገራችን ደንብ አንድ ቡና፣ አንድ ብስኩት ሰጡኝና የብስኩቱን ቆርቆሮ ከደኑ። "ጎረቤት፣ ግንቡን አጥቤዋለሁ" አልኳቸው። ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው። ጡቡን በጣታቸው ዳሰሱት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተራቸውን አውጥተው የጻፉትን አጮልቄ አየሁ፦ "ጠፋ። ምክንያት፦ ጎረቤት።"

"ስሜን አልጻፉትም" አልኩ አፍሬ።

"ምን ያደርጋል? መዝገቡ የሽበቶቹ ነው፤ ያንተ አይደለም።"

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይባላል፤ በግፊት የፈሰሰ ደግሞ ይብሳል። ማሽኑን ለሐርማኑስ በረት ሰጠሁት።

ይህ ከሆነ ሰባት ዓመት አለፈ። የሊቀ ሽበት ጉልበት ከዳቸውና መንበርከኩ የእኔ ሆነ። እሳቸው ታጣፊ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ።

"ምን ታያለህ?"

"ጡብ።"

"ጡብ" ብለው ይጽፋሉ። ስድስት መጋቢት እንዲህ አለፈ።

ዘንድሮ ፖስተኛዋ ብስክሌቷን ግንቡ ላይ ልታስደግፍ ስትል እኔው ራሴ ሳላስበው ጮህኩባት፦ "ቀስ! ነዋሪ አለ!"

ሦስተኛው ረድፍ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ግራጫ ነጥብ አይቼ ነበር። ሊቀ ሽበት ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ብብታቸውን ይዤ አንበረከክኋቸው። አጉሊ መነጽራቸውን አስጠግተው መረመሯት።

"እሷ ናት?" አልኩ።

"ገና ሕፃን ናት። አሥር ዓመት ካልሞላት ዓይነቷ አይታወቅም።"

በልቤ ሰማንያ ሦስት ላይ አሥር ደመርኩ። እሳቸው ቀድመውኝ ደምረውት ነበር መሰለኝ፣ ፈገግ ብለው ደብተሩን ከነእርሳሱ ሰጡኝ። "ታየ። ያየው፦ ጎረቤት" ብዬ ጻፍኩ። ተቀብለው አነበቡና የመጨረሻውን ቃል ሰርዘው "ኤልትዮ ቦይከማ" ብለው ሙሉ ስሜን ጻፉ።

"ምነው? ስም ምን ያደርጋል ብለውኝ አልነበር?"

"አሁን ያስፈልጋል" አሉ አቧራቸውን እያራገፉ። "ከአሥር ዓመት በኋላ ማን እንደሚጠየቅ ይታወቅ።"