ታርኔት ሜዳ ሳለች

በሜልበርን ጫፍ ባለችው ሰፈራችን በታርኔት፣ «እኔ ስመጣ ይህ ሁሉ ሣር ነበር» የማይል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የሰፈሩን ታሪክ ያለ አስተማሪ አጥንቼ የጨረስኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ። ባለፈው የጎረቤቶች ግብዣ ላይም ተነሥቼ፣ «ከአበሻ ሁሉ ቀድሜ እዚህ የገባሁት እኔ ነኝ» ብዬ ታሪኩን ጀመርኩ።

ዳቦ ሲቆርሱ የነበሩት ጎረቤቴ እትዬ አስቴር ቀና አሉ። «ውይ ጋሼ! አንቱ ቤት የገቡ ዕለት ዳቦ ይዤ የመጣሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ክብሬ አፈር ሊበላ ሆነ! ግን ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው መልስ ያጣል?

«እትዬ፣ ከእኔ በፊት የነበረው ቅድመ ታሪክ ይባላል» አልኳቸው።

«እንግዲያው የቅድመ ታሪክ ዳቦ ይቅርብዎት!» ብለው ትሪውን ከፊቴ አነሡት።

ዳቦው ትኩስ ነበር። ታሪኩን እዚያው እንደቆምኩ አሻሻልኩት።